ጾመኛዋን አትንኩ

ያለፈው ሁዳዴ በገባ ሰሞን ባለቤቴ አስካለ ከሐረር ገበያ፣ ከጊደር መጋላ ዓሣ ገዝታ መጣች። ፌስታሉን ሳፋ ላይ ስትዘረግፈው ብድግ ብዬ አየሁት። አንዱም ከጣቴ አይረዝምም። የቆሮሶ ጫጩት ነው፤ ዓይኑ ከአካሉ የሚበልጥ።

"ይሄ ምንድነው?" አልኳት።

"ዓሣ ነዋ! ዕድሜህን ሙሉ አብረኸው ኖረህ ረሳኸው?"

"ዓሣ አይደለም፤ ሕፃን ነው። አልበላም።"

"አትብላ። ሽሮ አለልህ።"

"ከየት ነው የመጣው?"

"ከየት ይምጣልህ? ከቀይ ባሕር? ከሐረማያ ነው እንጂ!" ብላኝ ቢላዋ ልታመጣ ገባች።

ከቀይ ባሕር ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር፤ ለባሕሩ የባሕር ሰዎች ይጨነቁለት። የሐረማያን ሐይቅ ግን እኔ ሲሞት አይቼዋለሁ። ከሞተ በኋላ ዓመታት ቆይቶ ውሃው ሲመለስ፣ ዓሣውም ሲመለስ አይቻለሁ። ሁለተኛ ሲሞት ማየት አልፈልግም። በጡረታ ዕድሜዬ እስክሪብቶ ያስጨበጠኝ ያ ሳፋ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው። ዳዊት ሳልጀምር አባቴ ስላረፈ ወጣሁ፤ ስለዚህ ጽሕፈቴ እንደ ጠማማ ማገር ቢሆን አትፍረዱብኝ። ብትፈርዱም ግድ የለኝም። ቅድመ አያቴ ከሸዋ ከጦር ጋር መጥተው ሐረር የቀሩ ሰው ናቸው። እኛ ቤት ዓሣ የሚታወቀው በጾም ነበር፤ ያውም አንዱ ሲበላ ሌላው እያጉረመረመበት። ሐይቅ በሌለው ከተማ፣ ከግንቡ በሮች በአንዱ፣ በፈላና በር አጠገብ ተወልጄ፣ ዕድሜዬን በዓሣ መጨረሴ የእግዜር ቀልድ ነው።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ከሐይቁ ውሃ እየሳበ ወደ ሐረር የሚልከውን ሞተር እንድጠብቅ ነው። ኋላ ወደ እርሻ ቢሮ ዓሣ ክፍል አዛወሩኝ። ደመወዙ ለመናገር ያሳፍራል፤ ስለዚህ አልናገርም። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ ውሃ ስለሚፈራ ከዳር ቆሞ በመነጽር እያየ ያዝዘን ነበር፤ እጁን ሲያወናጭፍ እናየዋለን እንጂ ምን እንደሚል አንሰማውም፤ "እሺ ጌታዬ" እንላለን። ሌላው ጀልባ ላይ በከረባት ይወጣ ነበር። አንድ ቀን ከረባቱ መረብ ውስጥ ገብቶ ከአምባዛ ጋር አብሮ ተጎተተ። ደግ ሰው ነበር፤ አብሮን ሳቀ።

ሥራውን ያስተማረኝ ግን አለቃ አይደለም። አባ ሙሜ ናቸው። አባ ሙሜ ከሐይቁ ዳር መንደር የተወለዱ ኦሮሞ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ አማርኛቸው ሲናደዱ የሚጠፋ ሰው ነበሩ። ዓሣ ክፍል የገባሁ ዕለት አለቃዬ "ሂድና ከእሳቸው ተማር" አለኝ። ስሄድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ቀና እንኳ አላሉም።

"እጅህን አምጣ" አሉኝ። ሰጠኋቸው። "አራት ጣትህን በመረቡ ዓይን አስገባ።"

"ገባ።"

"አውራ ጣትህን ጨምር።"

"አልገባም።"

"በቃ፣ መረብ ማለት ይሄ ነው። አራት ጣት የማያሳልፍ መረብ አይደለም፤ ወንፊት ነው። ወንፊት ደግሞ የዱቄት ነው፤ ለሚስትህ ስጣት።"

ትምህርቴ ይሄው ነበር። የቀረው ሁሉ አብሮ በመዋል የመጣ ነው። መረብ የሚጠግኑበት መርፌ ከወይራ የተጠረበ ነበር፤ ለማንም አያውሱም። ወደ ውሃ ሲገቡ "ቢስሚላሂ" ይላሉ፤ ሲወጡ "አልሐምዱሊላሂ" ይላሉ፤ በመካከሉ አያወሩም። እኔ ወሬኛ ስለሆንኩ በጣም ተቸገርኩ። ጫታቸውን የሚይዙት ከሰዓት በኋላ፣ መረቡ ደርቆ ጥገና ሲጀመር ነው። አንዱ ጉንጫቸው በጫት ሲወጠር ያቺን ዓሣ ይመስሉኝ ነበር።

የትኛዋን ዓሣ ትሉኝ ይሆናል። ቆሮሶ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ነው የምትታቀፈው። ከአገጯ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለች ይመስል ይወጠራል። ሲፈለፈሉም ልጆቿ እዚያው ናቸው፤ ወጣ ብለው ይዋኛሉ፣ ጥላ ሲያዩ ተሯሩጠው ወደ አፏ ይገባሉ። ይህን ሁሉ ጊዜ ምግብ አትቀምስም፤ ብትውጥ ልጆቿን ትውጣለቻ!

አባ ሙሜ ከመረብ የሚያወጡትን እያንዳንዱን ዓሣ ወደ ጀልባው ከመጣላቸው በፊት ውሃው ውስጥ እንዳለ አገጩን በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል። ከተወጠረ ይለቁታል። ጠዋቱን ሙሉ ያገኙት አንድ ዓሣ እሱ ቢሆንም ይለቁታል።

"ሳኢማ ናት" ይላሉ፤ "ጾመኛ ናት። ጾመኛዋን አትንኩ።"

"አባ ሙሜ፣ ሐራም ነው እንዴ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ሐራም መሆኑን ሼኩን ጠይቅ። እኔ ነውር ነው ነው ያልኩህ። አንተ ጾመህ ስትሄድ ሰው መንገድ ላይ ቢያርድህ ደስ ይልሃል?"

"አይለኝም።"

"እንግዲያው ዝም ብለህ ቅዘፍ።"

ኋላ ከባሕር ዳር ወገን ሰናይት የምትባል ባለሙያ መጣች። አባ ሙሜ መጀመሪያ "ይቺ ቀጭን ልጅ መረብ ትጎትታለች?" ብለው ሳቁ። መረብ ጎተተች። ደግሞ እሳቸውም እኔም የማናውቀውን አሳየችን። በሐይቁ ዳር፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ፣ አሸዋው ላይ እንደ ገበቴ ክብ ክብ ጉድጓድ እናይ ነበር። እኛ የከብት ኮቴ ነው እንል ነበር። "ጎጆው ነው" አለችን፤ "ወንዱ በአፉ ይቆፍረዋል፣ ሴቷ እዚያ ትጥላለች፣ ከዚያ ነው በአፏ የምታነሳው።" አባ ሙሜ እግራቸውን ከጉድጓዱ አነሡና "ስንት ዓመት ቤታቸውን ስንረግጥ ኖርን!" አሉ። ከዚያ በኋላ ከእረኞቹ ጋር ተነጋግረን ከብት በሌላ ወገን እንዲጠጣ አደረግን። ቀላል አልነበረም፤ አንዱ እረኛ "ዓሣ ጎጆ አለው ብላችሁ በሬዬን ከውሃ ታባርራላችሁ?" ብሎ ዱላ አንስቶብናል። አሁን ሳስበው እረኛውም እውነት አለው።

እነዚያ ዓመታት የሕይወቴ ጣፋጭ ዓመታት ናቸው።

ከዚያ ሐይቁ መሸሽ ጀመረ። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከተማው ይጠጣል፣ ጫቱ ይጠጣል፣ አትክልቱ ይጠጣል፣ ዝናቡ ይቀራል፣ ደለሉ ይገባል። ማንንም ለብቻው አልከስም። እኔም የጠበቅኩት ሞተር ሲስብ ነበር፤ ሐረር ቤቴ ያለው ቧንቧም የሚወርደው ከዚያው ነበር። ጀልባችን በየጊዜው ከዳር የራቀ መሰለን፤ ዳሩ ነበር ከጀልባው የሚርቀው። በመጨረሻ መሐል ላይ ትንሽ ኩሬ ቀረች፤ ወፍ በላይዋ ይዞራል፣ ሰው በባልዲ ዓሣ ይዝቃል።

አባ ሙሜ "ዘሩ አይጥፋ" አሉ። ከኤረር በር ወዲያ ቁልቁል ሲወረድ አዴ ፋጡማ የሚባሉ ሴት አትክልት የሚያጠጡበት የምንጭ ኩሬ ነበራቸው። "አምጡ፣ ከዓሣ ጋር ጠብ የለኝም" አሉን። ሰናይት በዚያ ሳምንት ለሥራ ሌላ አገር ሄዳለች። ከሐይቁ የቀረችው ኩሬ ደግሞ እሷን አትጠብቅም። አይሱዙ አገኘን፣ በርሜል ሰበሰብን፣ ተረባርበን ጠንካራ ጠንካራውን ዓሣ መረጥን። አብዛኞቹ አፋቸው የሞላ ሴቶች ነበሩ።

እንግዲህ ምን ውሃ እንሙላ አልን። የሐይቁ ውሃ ጭቃ ሆኗል፣ ይሸታል። አባ ሙሜ "እንግዳ ይዘን ስንሄድ ቆሻሻ ውሃ አናጠጣም" አሉ። ሁላችንም ልክ ናቸው አልን። በርሜሎቹን በሳሙና አጥበን፣ አጥርተን አለቅልቀን፣ ጥርት ያለ የቧንቧ ውሃ ሞላን። መጨረሻ ላይ ቧንቧው ጠፋ። ለቀረው በርሜል ያንኑ ጭቃ ውሃ በባልዲ ቀድተን ሞላንበት፤ እነዚያን ዓሦች እንደበደልናቸው ቆጥረን "አይዟችሁ፣ መንገዱ አጭር ነው" እያልን።

ሐረርን ዞረን ኤረር በር ስንደርስ አባ ሙሜ "አቁም፣ ልያቸው" አሉ። ሾፌሩ አቆመ። የመጀመሪያውን በርሜል ከፈቱ። ዓሣው ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጧል። ሁለተኛውን ከፈቱ። ያው ነው። ሰው ተሰበሰበ። ጊዜው ጾም ስለነበረ አንዷ ሴትዮ "ኧረ አባቴ፣ ከሚበላሽ ለእኛ ስጡን!" አለች። ክፉ ብላ አይደለም። አባ ሙሜ አልሰሟትም። አንዷን ዓሣ አንስተው አገጯን ዳሰሱ፤ አፏን ከፈቱት። ልጆቿ እንደ ሰሊጥ መዳፋቸው ላይ ፈሰሱ። አንዱም አይነቃነቅም። እንዲያ ሲታፈን ሌላው ዓሣ ልጆቹን ይተፋል፤ እሷ ግን አልተፋችም።

አባ ሙሜ መኪናው ጎማ ላይ ተደግፈው ተቀመጡ። በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ምን እንደሆነ ልጠይቃቸው አልደፈርኩም።

በሕይወት የቀረው የጭቃው በርሜል ነው። እሱን አዴ ፋጡማ ኩሬ አደረስን።

ሰናይት ስትመለስ ነገርናት። አልተቆጣችም፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። "የቧንቧ ውሃ ጀርም የሚገድል መድኃኒት አለበት" አለች፤ "ለሰው ደኅና ነው፣ ለዓሣ መተንፈሻ እሳት ነው። ክፍት አድርጋችሁት ቢያድር ይተን ነበር።" ያ ውሃ ከዚያው ሐይቅ የተቀዳ ነበር። ተጣርቶ፣ ታክሞ፣ ቧንቧ ውስጥ ዞሮ የመጣ የገዛ ሐይቃቸው ውሃ ነው የገደላቸው። ይህን እስከዛሬ ሳስበው ያመኛል። ክፋት ቢሆን ይረሳ ነበር፤ እኛ ግን በሳሙና አጥበን፣ በፍቅር ነው የገደልናቸው።

አባ ሙሜ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ሕመማቸው ሌላ ነው ይላሉ፤ እኔ የማውቀውን አውቃለሁ። የወይራ መርፌያቸውን ለእኔ ተናዘዙልኝ፤ ለማንም የማያውሱትን።

እኔ ጡረታ ወጣሁ። ዝናብ ጨመረ፣ ከሐይቁ መሳብም ቀነሰ፣ ሐይቁ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ቢሮው ዓሣ ጨመረበት፤ ከአዴ ፋጡማ ኩሬም በባልዲ ተወስዷል፤ የወሰድኩት ራሴ ነኝ፣ በጭቃ ውሃ። አሁን ያለው ዓሣ የየትኛው ዘር እንደሆነ እግዜር ይወቀው። እኔ ግን የዚያ በርሜል ነው እላለሁ፤ ክርክር አልፈልግም።

እንግዲህ አስካለ ሳፋ ላይ የዘረገፈችው ይህንን ዘር ነው። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሐረማያ ሄድኩ። ዳር ላይ ያገኘሁት ጂብሪልን ነው፤ የአባ ሙሜ የበኩር ልጅ፣ ራሱ የልጆች አባት የሆነ ጎልማሳ። የሚጎትተው መረብ አይደለም። የወባ አጎበር ነው፣ ጫፍ ለጫፍ ተሰፍቶ። አራት ጣት ቀርቶ መርፌ አያሳልፍም።

"ጂብሪል! ምንድነው የያዝከው?"

"አቦ ጋሼ! ሰላምታ የለም እንዴ?"

"አባትህ ይህን ቢያዩ..."

"አባቴን ይተዋቸው!" አለና አጎበሩን ጣለው። "ወላሂ ጋሼ፣ አባቴ ጾመኛዋን ሲለቁ እኛ ቤት ጾማችንን ነበር የምናድረው። እርስዎ ደመወዝ ነበርዎት።"

እውነቱን ነው።

ቀጠለ፦ "ደግሞ ማን ነው የሚገዛኝ? የእርስዎ አገር ሰው ነው። ሁዳዴ ሲገባ የሐረር ክርስቲያን ትንሽ ትልቅ አይልም፤ አምጣ ነው። ይሄን የሚበላ አፍ ባይኖር እኔ በብርድ እዚህ ውሃ ውስጥ ምን ልሠራ ነው? እኔን ከመቆጣትዎ በፊት ሄደው ሰዎችዎን ይቆጡ።"

"እቆጣለሁ" አልኩት። "ትልቁን ብቻ ካመጣህ ሰዎቼ ከሌላ አይገዙም፣ ካንተ ነው።"

"ያሳዩኝና!" አለኝ።

እሑድ እድር ነበረን። ለቅሶ ደራሽ ከተመደበ በኋላ እጄን አወጣሁ። "ከእንግዲህ ማንም አባል ከስንዝር ያነሰ ዓሣ እንዳይገዛ" አልኩ። ሊቀመንበሩ አቶ ደምሴ ገና "ሐሳቡ ይብራራ" ሳይሉ አንድ ሽማግሌ ተነሡ።

"በመጀመሪያ በሁዳዴ ዓሣ ይበላል ያለው ማነው?"

"ማነው የከለከለው?" አለ ሌላው። "ደም አለው እንዴ?"

"ታዲያ ምን አለው? ጠላ?"

ቤቱ ተረበሸ። የኔ ዓሣ ተረስቶ የሃይማኖት ጉባኤ ሆነ። ግማሹ ይበላል፣ ግማሹ አይበላም፤ ሁለት ጎረቤታሞች የድሮ የአጥር ጠባቸውን ጭምር አነሡበት። የንስሐ አባታችን መቋሚያቸውን ተደግፈው ይሰማሉ። እኔ ትዕግሥቴ አለቀና ጮኽኩ፦

"እየጾመች ያለችውስ?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"ቆሮሶ አሁን ልጆቿን በአፏ ይዛለች። ምግብ አትቀምስም። እናንተ በዓመት አንዴ ለምትጾሙት ስትጣሉ እሷ ሙሉ ጾም ላይ ናት። እኛ ጾመን ጾመኛ እንብላ? ልጆቿንስ በፌስታል እንግዛ? የሚበላ ይብላ፣ የማይበላ ይተው። የሚበላ ግን ያደገውን ይብላ፤ ልጅ አይብላ!"

ወይዘሮ የሺ፣ የእድሩን ድስትና ሰሃን የሚቆጣጠሩት፣ ከኋላ ሆነው "ጋሽ በላይነህ ዓሣ ጠባቂነቱ አልበቃው ብሎ የዓሣ ጠበቃ ሆነ እንዴ?" አሉ። ቤቱ ሳቀ። ከዚያ ግን "እውነት ነው፤ ያ ጫጩት አጥንቱ ብቻ ነው። የልጅ ልጄን ጉሮሮ ሊወጋብኝ ነበር። አይበላም የሚለውም ይበላል የሚለውም በስንዝር ይስማማ" አሉ።

"የማን ስንዝር?" አለ አንዱ። "የየሺ እጅ ከሆነ አንድ ሳንቲም አይሞላም!"

"የባለጉዳዩ ይሁን" አሉ የንስሐ አባታችን፤ የተናገሩት ይህችን ብቻ ነው።

ሸንበቆ አመጡ። እጄን ዘርግቼ ለካሁ፤ አቶ ደምሴ በቢላዋ ቆረጡት። የኔ እጅ ትልቅ ነው፣ የመረብ እጅ ነው። አስካለ ከሴቶቹ መካከል ሆና "ለዚህ ብቻ ነው የጠቀመው" አለች።

ሸንበቆውን ጊደር መጋላ ዓሣ ለሚሸጡት ሴቶች ወሰድኩላቸው። "ከዚህ ያነሰ የኛ ሰው አይገዛችሁም" አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ከዚያ ደንበኛ እየመጣ ዓሣውን በሸንበቆ እየለካ ሲመለስ መሳቃቸውን ተዉ። ሳምንቱ ሳያልቅ ጂብሪል ቤቴ ድረስ መጣ። ተቆጥቷል።

"ጋሼ፣ ጫጩቱን የሚቀበለኝ ጠፋ! ሴቶቹ እንጨት ያሳዩኛል!"

"የኔ እጅ ነው።"

"አውቃለሁ የእርስዎ እጅ መሆኑን!" አለና ተቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "የአባቴ መረብ ጣሪያው ሥር አለ። ተበሳስቷል" አለኝ።

የወይራ መርፌውን ከሳጥኔ አወጣሁት።

ሐይቁ ዳር፣ አባ ሙሜ ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ተቀምጠን ጠገንነው። ዛፉ የለም፤ እኛ አለን። ዓይን በጨረስን ቁጥር ጂብሪል ሳልጠይቀው አራት ጣቱን ያስገባል፣ አውራ ጣቱን ይሞክራል፣ አልገባም ሲል ወደሚቀጥለው ያልፋል። አላስተማርኩትም። ከየት እንደተማረው እሱም እኔም እናውቃለን።

መረቡን ጥለን በነጋታው ልናነሣ ሄድን። እኔ ቀዘፍኩ፤ ወገቤን ግን አልነግራችሁም። መረቡ ሲወጣ ባዶ ነው፣ ባዶ ነው፣ ባዶ ነው። ጂብሪል በረጅሙ ተነፈሰ። ወደ መጨረሻው አንዲት ከበደችው፤ ከሸንበቆዬ የምትበልጥ፣ የምታበራ ቆሮሶ። ወደ ጀልባው ሊያነሣት እጁ ሄደ፤ ከዚያ ቆመ። ውሃው ውስጥ እንዳለች በአውራ ጣቱ አገጯን ዳሰሰ።

ቀና ብሎ አየኝ። እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም፤ ወሬኛው እኔ።

"ያ አላህ!" አለ በንዴት። "ያለችው አንዷ እሷም ጾመኛ!" ከመረቡ ዓይን ቀስ አድርጎ አላቀቃት፤ ለቀቃት። ጅራቷን አንዴ አራገበችና ጠፋች። እሱም ከኋላዋ፣ "ሂጂ! ጾምሽን ጨርሰሽ ነይ!" አላት።

ማታ አስካለ ባዶ እጄን አይታ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ዓሣውስ?"

"ጾም ይዛለች" አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ምስሩን አቀረበችና አብረን በላን።